ኮላው እስኪደርቅ

ጊታር መሥራት ከባድ ነው የሚሉኝ ሰዎች ከባዱን ነገር አያውቁትም። እንጨት መሰንጠቅ፣ መላግ፣ በጋለ ቱቦ ላይ ማጉበጥ ምንም አይደለም፤ እጅ ያለው ይሠራዋል። ከባዱ መያዝ ነው። ኮላ የተቀባ እንጨት እስኪደርቅ ድረስ ንቅንቅ ሳይል ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሞርሳ የተፈጠረው። ሞርሳ የሌለው አናጢ ጥርስ የሌለው በላተኛ ማለት ነው፤ ሥጋው ፊቱ ቀርቦ ያያል።

የእኔ ሞርሳዎች፣ ትልቁም ትንሹም፣ ማህበር ገብተው ቀርተዋል። የናዝሬት አናጢዎች ተደራጁ ሲባል መሣሪያዬን ተሸክሜ ገባሁ። ከዓመት በኋላ አፌን አልይዝ ብዬ ከኃላፊዎቹ ጋር ተጣልቼ ስወጣ፣ እኔ ወጣሁ፣ መሣሪያው ቀረ። ቤቴ የተረፈኝ አንድ ጥርሱ የተሰበረ ሞርሳ፣ መላጊያ፣ መጋዝና ሁለት መሮ ነበር። በእነዚያ የሰው በርና መስኮት እየጠገንኩ እኖር ነበር።

ሚስቴ አበባ ጴንጤ ናት። እኔ አይደለሁም። ስንጋባ እሷም አልነበረችም። አንድያ ልጃችን በኩፍኝ የሞተ ጊዜ ሁለታችንም የምንገባበት ጠፋን፤ እሷ ጸሎት ቤት ገባች፣ እኔ ጠጅ ቤት። የእኔን በሁለት ዓመት ተውኩት፣ የእሷ ግን ጸና። ከዚያ ወዲህ አበባ አትዋሽም። ከማትዋሽ ሴት ጋር መኖር ምን ማለት እንደሆነ ያልኖረበት አያውቀውም። ሰው ሲያንኳኳ «የለም በይው» ብላት፣ በሩን ከፍታ «አለ፣ ግን ሊያገኝህ አልፈለገም» ትላለች። በዚህ የተነሳ ስንት ሰው አኩርፎኛል።

ለመዘምራኖቻቸው ጊታር ሥራልኝ ብትለኝ ሠራሁላት። ያኔ ሞርሳዎቼ ነበሩ፤ ጥሩ ጊታር ወጣው። በሰባ አራት ጸሎት ቤቱ ሲታሸግ ጊታሩ ከአግዳሚ ወንበሮቹ ጋር ተጭኖ ቀበሌ ገባ። በየሱስ ስም የተሠራው ጊታር ለኪነት ቡድኑ «ተነሱ» ማለት ጀመረ። አበባ ይህን ስትሰማ ሳቀች፣ እኔ ነኝ የተናደድኩት። በዓመቱ አንዱ ሰክሮ ተቀመጠበትና አለቀለት።

ጸሎት ቤቱ ከታሸገ በኋላ በየቤቱ ይሰባሰቡ ነበር። ተራው የእኛ ቤት በደረሰ ቀን፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ አብዮት ጥበቃዎች ገቡ። የተሰበሰቡት ከአበባ ጋር ስምንት ነበሩ። እኔ ጓሮ እንጨት እየላግሁ ነበር። «ማነው የጠራችሁ?» ሲባል ሁሉም አቀረቀሩ። አበባ «ቤቱ የእኔ ነው፣ የጠራኋቸውም እኔ ነኝ» አለች። ሰባቱ ተመክረው ወደየቤታቸው ተለቀቁ። አበባ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለው፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረው ክፍል ውስጥ ታሰረች።

በየቀኑ ምሳ አመላልስ ነበር። በአስረኛው ቀን ሊቀመንበሩ ጓድ ባጫ ቢሮ አስጠራኝ። ባጫ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እጠነቀቀው ነበር።

«ጓድ ኢተፋ፣ ያንን ጊታር አንተ ነህ አሉ የሠራኸው።»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ሌላ ሥራልኝ። ታኅሣሥ ሃያ አራት እሑድ ኪነታችን ሁሩታ ተጋብዟል፤ ገበሬዎቹ የማህበራቸውን አዲስ ጎተራ ያስመርቃሉ። ያለ ጊታር ይዣቸው ብሄድ መሳቂያ ነው የምሆነው።»

«ሞርሳ የለኝም እኮ።»

«እኔ ስለ ሞርሳ አላውቅም» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። የበላያችን ከፍተኛው በሃይማኖት የተያዙትን ሁሉ ሰብስባችሁ አስረክቡ ብሎናል። መኪናቸው ወር ሳይሞላ ይመጣል። እዚያ ከገባች ከእጄ ወጣች። ጊታሩን አምጣልኝ፣ ‹በምክር ተለቃለች› ብዬ እፈርምልሃለሁ። በዚያኑ ቀን፣ በዚያችው ደቂቃ።»

ቤቴ ሄጄ ሥራ ጀመርኩ። አሥራ አራት ቀን ነበረኝ፤ ሞርሳ ላለው ሰው እንኳን የሚያጣድፍ ነው።

ለጎኑ፣ የጊታሩን ቅርጽ ወፍራም ጣውላ ላይ አስምሬ ዙሪያውን ምስማር ደረደርኩ። የጎበጠውን እንጨት በምስማሮቹ መሀል አስገብቼ በሽብልቅ ወጠርኩት። ለፊቱ ደግሞ አልጋዬን ተጠቀምኩ። የጊታር ፊት ስስ ነው፤ ከሥሩ ቀጫጭን ደጋፊ እንጨቶች ካልተጣበቁበት አውታሩ ሲሳብ ይሰምጣል። እነዚያን ደጋፊዎች የሚጫንልኝ አጣሁ። በመጨረሻ ፊቱን አልጋው ሥር አጋደምኩና፣ ቀጫጭን የሸንበቆ ዘንጎች በአልጋው ርብራብና በእያንዳንዱ ደጋፊ መካከል እያጎበጥኩ ሰካኋቸው። ዘንጉ ልቃና ሲል እንጨቱን ይጫነዋል። እኔ ከላይ ስተኛበት ደግሞ ይብስ ይጠብቃል። በዕድሜዬ ተኝቼ የሠራሁት ሥራ ያ ብቻ ነው።

ለጀርባው ላስቲክ አስፈለገኝ። አብዱልመናን ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታ ነው፤ ከወሎ መጥቶ እዚያ ጥግ ከተቀመጠ አሥራ አምስት ዓመቱ። ችግሬን ስነግረው የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ በረጃጅሙ እየሸነሸነ ትከሻዬ ላይ ቆለለልኝ።

«አብሽር» አለኝ። «የከባድ መኪና ነው፣ ወላሂ በሬ ያስራል። ለአበባ ነው አይደል? የቀረውንም ና ውሰድ።»

ሳጥኑን እንደ ቁስለኛ በላስቲክ ጠቀለልኩት። በማግስቱ ስፈታው ቀጥ ብሎ፣ ተገጣጥሞ ወጣ። የዚያን ዕለት ምሳ ሳደርስላት በመጋዘኑ መስኮት በኩል «እያለቀ ነው» አልኳት። «ምኑ?» አለችኝ። አልነገርኳትም። ብነግራት ኖሮ ለሚጠይቃት ጥበቃ ሁሉ እንዳለ ትናገረው ነበር። ደግሞም ድንገት ወጥታ ብትደነቅ ደስ ይለኝ ነበር። ያ ዝምታዬ በኋላ ምን እንዳስከተለ ትሰማላችሁ።

አንገቱ ቀረ። አንገቱ ከሳጥኑ ጋር ሲገናኝ የፀጉር ታህል ዘወር ካለ አውታሩ መንገዱን ይስታል። ሥራው የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ሳጥኑን፣ አንዱ አንገቱን ይዞ በመሀል የተሰመረውን መስመር እያየ፣ የአጥንቱ ኮላ እስኪረጋ ሩብ ሰዓት ያህል ንቅንቅ ሳይል መቆየት አለበት። ከዚያ በላስቲክ ይታሰራል።

ዓርብ ዕለት ወርቄ መጣች። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ ያን ቀን ከተያዙት ስምንቱ አንዷ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ተኝታ አታድርም ነበር፤ አበባ የታሰረችው በእኔ ፈንታ ነው ትላለች።

«ጋሽ ኢተፋ፣ የምረዳዎት ነገር አለ?»

«ትይዢልኛለሽ» አልኳት። «ግን እየያዝሽ እንዳትጸልዪ።»

ቀልዴን ነበር። እሷም ሳቀች። እጇን የት እንደምታደርግ፣ ዓይኗን የትኛው መስመር ላይ እንደምትተክል አሳየኋት። ኮላውን አሙቄ ቀባሁ፣ አንገቱን ሰካሁ፣ አስተካከልኩ። ጥሩ ተቀመጠ። ጥቂት እንደቆየን ላስቲኩን ሳነሳ አርጅቶ ኖሮ ብጥስ አለ። ሌላውም እንደዚያው። ኮላው ገና አልረጋም።

«አንቺ ሁለቱንም ያዢ፤ አብዱልመናን ጋ ደርሼ መጣሁ» ብዬ ሮጥኩ።

ስመለስ ወርቄ እንደተውኳት ቆማለች፣ ሁለት እጆቿ ሥራው ላይ ናቸው፣ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። ስለ አበባ አስባ ነው አልኩ። ዙሪያውን ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። አመሰገንኳት። ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ላስቲኩን ፈትቼ ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጠርኩ። ክሩ መሀሉን ስቶ ወደ ግራ ሄደ። የአውራ ጣት ስፋት ያህል። ክሩን አንስቼ እንደገና ወጠርኩት። ሦስተኛም። እንጨት ሰው አያዝንለትም፤ ዘሟል ዘሟል ነው።

ወርቄ ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ልታይ መጣች። «ምን አደረግሽው?» አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። ተቀመጠች። እኔ ስወጣ ብቻዋን እንደቀረች፣ ይህን የያዘችው ለአበባ መፈታት እንደሆነ ስታስብ ልቧ እንደተነካ፣ ስትጸልይ ዓይኗ እንደተከደነ ነገረችኝ። እነሱ ሲጸልዩ እጃቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ። አበባም ወጥ ቤት ውስጥ ጭልፋ እንደያዘች እጇን ስትዘረጋ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

«ትንሽ ነው ጋሽዬ፣ ትንሽ ብቻ ነው ያነሳሁት። ወዲያው ያዝኩት። የነበረበት መስሎኝ...»

ጮህኩባት። ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። አምላክሽ እጅሽ ሥራ ላይ ሆኖ አይሰማሽም ወይ አልኳት፤ ሚስቴን ሁለቴ አሳሰርሻት አልኳት። እያለቀሰች ወጣች። ከኋላዋ በሩን በእርግጫ ዘጋሁት፤ ማጠፊያው ተነቀለ፤ እሱንም የምጠግነው እኔው ነኝ።

ንዴቴ ሲበርድ አሰብኩ። አንገቱን በእንፋሎት አላቅቆ እንደገና መግጠም ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለት ቀን የለኝም። አንድ መላ ነበር፤ አውታሩ ታች የሚያርፍበትን በርኩማ ከመሀል ፈቀቅ አድርጌ፣ በዘመመው አንገት ልክ ማጣበቅ። ክሮቹ ቀጥ ይላሉ፣ ድምፁም ይወጣል። ለዚህ ግን አዲስ፣ ሰፋ ያለ በርኩማ መጥረብ ነበረብኝ። ጠርቤ ያጣበቅሁት እሑድ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጊታሩን አልጋው ሥር አስገብቼ በርኩማው ላይ አራት ዘንግ አጎበጥኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተነካ ይይዛል። ጉዞው አምስት ሰዓት ላይ ነው ተብዬ ነበር፤ አንድ ሰዓት እለምናለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ባጫ ሁለት ሰዓት ላይ ከች አለ። ፕሮግራሙ ወደ ጠዋት ዞሯል። ከውጭ ላንድሮቨር ቆሟል፣ ከኋላው ኪነቶቹ የተጫኑበት የጭነት መኪና ጥሩምባ ይነፋል።

«አከም ቡልቴ ኢተፋ! የታለ?»

ጎንበስ ብሎ አልጋው ሥር አየና ሳቀ። ከደረት ኪሱ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ። የአበባ ስም ተጽፎበታል፣ ማኅተም ተመቶበታል፣ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። እስክሪብቶውን ከፈተ።

«አለቀ?» አለኝ።

ይህችን ጥያቄ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። «አዎ» ማለት ነበረብኝ። በቃ፣ አንዲት ቃል። ሁሩታ ላይ በርኩማው ተገንጥሎ ቢበር እኔን ያስሩኛል፣ እሷ ግን ቤቷ ትገባለች። በሕይወቴ ስንት የማይረባ ነገር ዋሽቻለሁ፤ በር አልቋል ብዬ ሳይነካ ያሳደርኩበት ቀን ብዙ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ግን አናጢነቴ ቀደመኝ መሰለኝ፣ ወይም ከዚያች ሴት ጋር መኖር አበላሽቶኛል።

«አላለቀም» አልኩት። «ኮላው አልደረቀም። እስከ ስድስት ሰዓት መያዝ አለበት።»

እስክሪብቶውን ከደነ። አልተቆጣም። «እንግዲያው አንተም ይዘኸው ትሄዳለህ» አለ። «እዚያ ሲዘፈንበት እፈርማለሁ። ያላለቀ ሥራ ተረክቤ አልፈርምም።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁን ይፈርሙልኝና...»

«ኢተፋ፣ መኪና ቆሟል። ማታ ከሚስትህ ጋር ትበላለህ።»

ዘንጎቹን አወለቅሁ። አንድ እጄን በፊቱ ቀዳዳ አሾልኬ ከሥር፣ ሌላውን ከላይ አድርጌ በርኩማውን ጨመቅሁት። ላንድሮቨሩ ኋላ፣ ጊታር መቺው ደሊል አጠገብ እንዲሁ እንደታቀፍኩ ተቀመጥኩ። ከቀበሌው ደጃፍ ስናልፍ የመጋዘኑ ጣሪያ ታየኝ። አንገቴን አዙሬ ማየት አልቻልኩም፤ ከተነቃነቅሁ ይንሸራተታል።

መልካሳን አለፍን። አዋሽ ድልድይ ላይ መኪናው ሲነጥር ጥርሴን ነክሼ ያዝኩ። ዴራ ስንደርስ ክንዴ ደንዝዞ የእኔ አልመስል አለኝ። ደሊል «ላግዝዎት ጋሼ» አለኝ። «አትንካኝ» አልኩት። ምስኪን፣ ምንም አላደረገኝም። ከዚያ በኋላ ዳገቱ ነው፣ ብርዱም መጣ፤ በሁለቱም በኩል የታጨደ ስንዴ ክምር ነበር። እኔ የማየው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አበባ በራችን ላይ ቆማ ማጠፊያው ምን ሆነ ብላ ስትጠይቀኝ። በዚያ መኪና ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ንግግሩ በዝቶ የኪነቱ ተራ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ደሊል ክሮቹን ቀስ እያለ አጠበቀ። በርኩማው ያዘ። ጊታሩ ጥሩ ድምፅ አወጣ፤ ከመጀመሪያው የተሻለ ድምፅ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ባጫ እየሳቀ መጥቶ ወረቀቱን የላንድሮቨሩ አፍንጫ ላይ ዘርግቶ ፈረመ። ቃሉን ጠበቀ። ማንም ባጫ ቃሉን አልጠበቀም እንዳይል።

ናዝሬት የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ገና መኪናው ሳይቆም ዘልዬ ወርጄ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጥበቃው ሆራ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሲያየኝ ተነሳ።

«ጋሽ ኢተፋ...»

«የት ናት?»

«ከፍተኛዎቹ አምስት ሰዓት ላይ መኪና ይዘው መጡ። ለነገ ነበር የተባለው። ‹ይህቺን ሴት ሊቀመንበሩ ሊለቃት ነው› አልናቸው፣ ‹ወረቀት አሳዩን› አሉ። የምናሳየው አልነበረም።»

ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ እኔ በርኩማ ጨምቄ ሁሩታ ተቀምጫለሁ።

«ምን አለች?»

ሆራ ወደ ጎን አየ። «‹ባለቤቴ ምሳ ይዞ ይመጣል፣ ትንሽ ጠብቁኝ› አለቻቸው። እኔ ምን ላድርግ ጋሼ፣ እንዳይጨክኑባት ብዬ፣ ‹እሱማ ዛሬ ከኪነት ጋር በዓል ሄዷል› አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።»

በእግሬ ከፍተኛ ሄድኩ። በር ላይ ያለው ሰው ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየው። «ይህ የቀበሌ እስረኛን ነው የሚፈታው» አለኝ። «ይህቺ አሁን የቀበሌ አይደለችም።»

አበባ የተፈታችው በሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። እስክትፈታ መጠየቅ እንኳ አልተፈቀደልኝም፤ ስንቅ ብቻ በር ላይ ይቀበሉኛል። ያንን ስንቅ በየሳምንቱ ግማሹን የምታዘጋጀው ወርቄ ነበረች። ገና በዚያው ሳምንት ቤቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «አንገቱ ተስተካከለልዎት እንዴ?» አለችኝ በፍርሃት። «ተስተካክሏል፣ ሁሩታ ላይ ተዘፈነበት» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ ፊቷ በራ። አበባን የወሰዷት መኪናው ስለቀደመ ነው ብላ ታምናለች። በርኩማው ለምን እሑድ ጠዋት እንደተጣበቀ፣ ባጫ ለምን ብዕሩን እንደከደነ አታውቅም። ልነግራት አፌን የከፈትኩባቸው ቀናት ነበሩ፤ ግን ዝናብ እየደበደባት ሰሃኑን ተሸክማ ስትመጣ ሳያት አፌን ዘጋሁት።

አበባ የገባች ዕለት ከስታ፣ ፀጉሯ በግማሽ ሸብቶ ነበር። ጎረቤቱ እየሳመ ወጣ፣ አብዱልመናን ስኳር በኪሎ ይዞ መጥቶ አልቅሶ ሄደ። ብቻችንን ስንቀር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ይዛው የኖረችውን ጥያቄ ነው መጀመሪያ የጠየቀችኝ።

«ያን ዕለት ከኪነት ጋር ምን ልታደርግ ሄድክ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ጊታሩን፣ የባጫን ቃል፣ «አለቀ?» ሲለኝ የመለስኩለትን። ስጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ረጅም ጊዜ አለቀሰች። «እኔ እኮ በዚያች ቀን ትቶኝ ዘፈን ሄደ ብዬ ነበር» አለች። «በየቀኑ ይቅር ልልህ እሞክር ነበር፣ አልቻልኩም ነበር።» እኔም አለቀስኩ። ደግሞ ዓይኗን ጠርጋ፣ እንደ አናጢ ሚስት፣ «ግን አንገቱ እንዴት ዘመመ? ማን ይዞት ነበር?» አለችኝ።

በዚህ መሀል ወርቄ ከውጭ «አበባዬ! አበባዬ!» እያለች ስትሮጥ ተሰማን፤ ትምህርት ቤት ሆና ገና መስማቷ ነው።

«እኔ ነኝ የያዝኩት» አልኳት። «እጄ አዳለጠኝ።»

አበባ አየችኝ። ሥራ ላይ እጄ እንደማያዳልጠኝ ከማንም በላይ ታውቃለች። ልትጠይቀኝ ከንፈሯን አላቀቀች፣ ከዚያ ተወችው። በሩ ተንኳኳ። ተነስታ ከፈተችና ወርቄን አቅፋ ሳመቻት፤ ወርቄ ትከሻዋ ላይ ተደፍታ ስትንሰቀሰቅ፣ አበባ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግራ እኔን ታየኝ ነበር።